ድር ሳያብር

ሜከን፣ ጆርጂያ፤ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣
የሮስኮ ጎሚስታ ቤት፤ ነሐሴ፣ ቆርቆሮው ነዶ።

እኔ ሒሳብ ያዥ ነኝ። አሮጌ ደረሰኝ ስፈልግ፣
ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከዛጉ ቸርኬዎች ጥግ፣
አንድ ነገር ሲወዛወዝ አየሁ፤ የጫማ ማሰሪያ መሰለኝ፤
ጎንበስ ብዬ ላነሣው ስል፣ ምላሱን አወጣብኝ።

እባብ ነው። ግልገል እባብ፣ ከስንዝር ትንሽ የሚያልፍ፤
ጅራቱ ሲሚንቶው ላይ፣ አንገቱ አየር ላይ የሚንሳፈፍ።
በላዩም እሷ አለች፣
እንደ ጉሎ ፍሬ ጠቁራ ያብለጨለጨች፤
ሆዷ ላይ ቀይ ማኅተም፣
የማትቸኩል፣ የማታርፍም።

ድር ቢያብር ነው እንጂ አንበሳ የሚያስረው፣
እንዲህ ነበር ለእኔ የተነገረው።
ይህች ግን ከማን አበረች? ማንንስ ጠራች?
ከአንድ አምፖልና ከአንድ ጥግ በቀር ዘመድ የላት፤
ባል እንኳ ቢኖራት፣ አለ ኤፍራይን፣ ይኼኔ ቁርስ ሆኗት።

ኤፍራይን ነው መጥረጊያ የያዘ። «ልበጥሰው?» አለ፤
ለየትኛው እንዳዘነ አልገባኝም፤ ብቻ ክንዱ ዋለለ።
ሮስኮ ከመኪና ስር ሆኖ፣ ሳያይ፣ «ተው!» አለው፤
«ሥራ ላይ ያለ አይነካም፤ የዚህ ቤት ሕግ ይኼ ነው።»

ከዚያ ሦስት ቀን አየሁ፣ ምሳ ሰዓት በመጣ ቁጥር፣
የሻዬ በረዶ ሟምቶ ውሃ እስኪሆን ኩባያው ሥር፤
እንዴት እንደምታነሣው። ጉልበት መስሎኝ ነበር።

እሷ አትጎትተውም።
እሱ በታገለ ቁጥር ክሩ ለአፍታ ይረግባል፤
የረገበው በእግሯ ተሰብስቦ፣ ወዲያው ይታሠራል።
ወደ ላይ የሄደች ጣት ወደ ታች አትመለስም፤
እንደ ሮስኮ ክሪክ ናት፤ ጥርስ በጥርስ እንጂ ባንዴ አታነሣም።
አሥር ቶን የጫነ መኪና በአንድ ክንድ ብረት
ሲነሣ ስንት ዓመት አይቻለሁ፤ አልገረመኝም አንድ ዕለት።

በሁለተኛው ቀን ጅራቱ ከወለሉ ተላቀቀ፤
ድምፅ የለም። አምፖሉ ብቻ ጠፋ፣ በራ፣ ደግሞ ደመቀ።
በሆዱ ሊሳብ፣ አፈር ሊቅም የተፈረደበት፣
ፍርዱን የሚፈጽምበት አፈር እንኳ ታጣለት።

በሦስተኛው ቀን ሮስኮ ከደረት ኪሱ ፖስታ ሰጠኝ፤
ጠርዙ በግሪስ ጠቁሯል። የባንክ ነው። «ወለዱን ንገሪኝ» አለኝ።
አሰላሁ። በወር ሲታይ ቀጭን ነው፣ ዓይን አይሞላም፤
እንዲህ ያለ ቀጭን ነገር ሰው ያስራል ማንም አይልም።
ሮስኮ ግዙፍ ሰው ነው፤ በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው፤
አራት ጎማ ባንድ ትከሻ ሲሸከም ነው የማውቀው።
ያበረው ድር አልነበረም። ወር ነበር ከወር ያበረው።

ቁጥሩን ስነግረው ዝም አለ፤
ፖስታውን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ደግሞ አጠፈ፤
ወደ መደርደሪያው ጥግ አየና፣ «እሷስ በላች?» አለ።

በላች። ማኘክ አታውቅም፤ ጠጣችው ማለት ይሻላል፤
ቆዳው እንደ ተነፈሰ ከመነዳሪ ተጨማዶ ቀርቷል።
እሷ ግን ከጀርባዋ አብጣ፣
ለራሷ ሆድ ጠባብ ሆኖባት ቤቷ፣ አንድ ጎን ወጥታ።

ሰኞ መጥረጊያውን ያመጣሁት እኔው ነኝ፤
ቆዳውን ጠረግሁት፤ አንዲት ክር ግን ጣቴ ላይ ያዘችኝ።
ስስባት እምቢ አለች። ስትበጠስም ጮኸች፤
ደረቅ ወረቀት ሲቀደድ የሚሰማውን ያህል፣ ትንሽ ጮኸች።
እጄን በሱሪዬ ጠረግሁ። አንድ ሁለቴ። ስሜቷ አልለቀቀኝም፤
ለኤፍራይን አሳየሁት ጣቴን፤ ምንም የለበትም።

ውጭ ተጎታች መኪና ጥሩምባውን ነፋ፤
የኋላ ጎማው ተኝቷል፣ ቸርኬው አስፋልት ሊፋ።
እሷ ከመደርደሪያው ወርዳ፣ አዲስ ክር ከወለሉ አሰረች፤
ወጠረቻት፣ ሞከረቻት፣ ወደ ጥጓ ተመለሰች።
ሮስኮ ፖስታውን ኪሱ ከተተ፤ ክሪኩን ይዞ በረረ፤
ከመኪናው ስር ገባና፣ ጥርስ በጥርስ፣ ማንሣት ጀመረ።